ደንገጎ ላይ ቅድሚያ የተሰጣት አህያ

ነገሩ ከሆነ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው፤ እኔ ግን ማታ ማታ ጋደም ባልሁ ቁጥር ከዚያች መገንጠያ አልተነሣሁም። መሪውን ጨብጬ፣ የግራ ፍሬቻዬ ቀጭ ቀጭ እያለ፣ አማቴ ከኋላ ወንበር በረጅሙ እየተነፈሱ፣ አሁንም ደንገጎ ላይ ቆሜአለሁ።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የወጣ ሰው ቦታውን ያውቀዋል። ሙቀቱን ታች ትቶ ጠመዝማዛውን ዳገት ሲጨርስ፣ ጆሮው ጧ ብሎ ሲከፈትና ነፋሱ ሲቀዘቅዝ፣ ከአዲስ አበባ በቁልቢ በኩል ከሚመጣው መንገድ ጋር ይገናኛል። በቀኝ ቁልቢ ነው፣ በግራ ሐረር። እኔ የምፈልገው ግራውን ነበር፤ የባለቤቴ የአክስት ልጅ ሐረር ላይ ይዳር ስለ ነበር፣ ባለቤቴን ከጎኔ፣ አማቴንና በጭናቸው ላይ ያስቀመጡትን አንድ ካርቶን ሙሸበክ የሚባል ጣፋጭ ከኋላ አድርጌ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም በማታንሰው ዲኤክሴ ከቀኑ አራት ሰዓት ላይ ደረስሁ። መኪናዋ አርጅታለች፤ መንጃ ፈቃዴ ግን ገና አራት ወሩ ነው። ሰው በ47 ዓመቱ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ከሃያ ዓመት ጎረምሳ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጽሐፉን ከልቡ ያነብበዋል።

ለጽሑፍ ፈተናው የትራፊክ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አጥንቻለሁ። ያቺን ተገልብጣ የቆመች፣ ጠርዟ ቀይ የሆነ ሦስት ማዕዘን ምልክት በሕልሜም አውቃታለሁ። ወደ ዋናው መንገድ የሚገባ ሰው፣ በዋናው መንገድ ላይ ላለው ቅድሚያ ይሰጣል። እኔም ሰጠሁ። ችግሩ መስጠቱ ሳይሆን ማለቂያ ማጣቱ ነበር። በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ ለሠላሳ አንድ ተሽከርካሪዎች ቅድሚያ ሰጥቻለሁ፤ ቁጥሩን የማውቀው አማቴ ጮክ ብለው ይቆጥሩ ስለ ነበር ነው።

ከግራዬ፣ ከአወዳይ በኩል፣ ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ይመጣሉ። ጫት ሲጠወልግ ዋጋው አብሮት ይጠወልጋልና፣ ሹፌሮቹ ለምን እንደሚበርሩ ይገባኛል፤ አልፈርድባቸውም። የምፈርድባቸው በፍሬቻቸው ነው። ወደ ድሬ የሚወርደው አይሱዙ እኔ ወደቆምሁበት መንገድ ይታጠፋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ፍሬቻ ቢያሳየኝ፣ እሱ ሲታጠፍ እኔ መግባት እችላለሁ። ፍሬቻ ያላሳየ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ጭሮ የሚሄድ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ብገባ ሠርጉ ወደ ለቅሶ ይለወጣል። ሰውየው እንደሚታጠፍ የማውቀው ከታጠፈ በኋላ ነው። እኔ ይህን ስረዳ ደግሞ ሌላው ደርሷል፤ እሱም የሚሄድበትን አገር የሚደብቅ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ፍሬቻ በዚህ መስመር ጨርሶ አይሠራም ማለቴ አይደለም፤ ለሌላ አገልግሎት ተመድቧል። ከባድ መኪና ከፊትህ ሆኖ የቀኝ ፍሬቻ ቢያሳይህ “መንገዱ ባዶ ነው፣ ደርበህ እለፈኝ” ማለቱ ነው፤ የግራውን ቢያሳይህ “ከፊት የሚመጣ አለ፣ አርፈህ ተከተለኝ” ማለቱ ነው። ለመታጠፍ የሚያበራው እንደ እኔ ያለ ጀማሪ ብቻ ነው። የግንባር መብራት ነገርማ አይነሣ። አንዱ ሲኖትራክ ከሩቅ ሁለት ጊዜ ብልጭ ሲያደርግልኝ፣ “አቤት፣ ደግ ሰው አልጠፋም” ብዬ እጄን ለምስጋና አንሥቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ። ለካስ እሱ የሚለው “እየመጣሁ ነው፣ እንዳትንቀሳቀስ” ኖሯል። ክላክሱ እስከ ሐሮማያ የተሰማ ይመስለኛል። ፍሬኑን ስረግጥ ሞተሩ ጠፋ፣ የሙሸበኩ ካርቶንም ከአማቴ ጭን ተነሥቶ ማርሹ አጠገብ አረፈ።

ከኋላዬ የሚመጡት ደግሞ መጠበቅ የሚባለውን ነገር እንደ በሽታ ይሸሹታል። አባዱላው በቀኜ ዞሮ፣ ከፊቴ ገብቶ፣ አፍንጫውን አስፋልቱ ላይ ይሰካል፤ አፍንጫው ከገባ የቀረው አካሉ የሌላው ሰው ጣጣ ነው። አንዱ ረዳት በመስኮት ግማሽ ሰውነቱን አውጥቶ፣ “ወሪያ፣ ቤት ልትሠራበት ነው እንዴ?” አለኝ። በድሬ ልጅ አፍ ትልቅም ትንሽም “አንተ” መሆኑን አውቃለሁ፣ በዚያ አልተቀየምሁም። የተቀየምሁት ባለቤቴ ስለ ሳቀች ነው።

“ልጄ፣” አሉኝ አማቴ በመጨረሻ፣ “አባቴ የሠሩበት የጅቡቲ ባቡር እንኳ አንድ ጣቢያ ላይ ይህን ያህል አልቆመም።” የቀድሞው ባቡር በየጣቢያው ምን ያህል ይቆም እንደ ነበር የሚያስታውስ የድሬ ሰው የስድቡን ክብደት ይመዝንልኝ።

ያን ጊዜ ነው እሷ የመጣች።

አመድማ አህያ ናት። በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ቢጫ ጀሪካን ተጭናለች፤ ዓሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ አርጩሜ ይዞ ከኋላዋ ይከተላል፣ እሱም ቢሆን የሚያየው የበቆሎ ጠባሿን ምድጃ እንጂ መንገዱን አይደለም። ከጎኔ መጥታ መስኮቴ አጠገብ ቆመች። ተያየን። ከዚያም በዚያ ዕለት በደንገጎ መገንጠያ ያለፈ አንድም ባለመንጃ ፈቃድ ያላደረገውን አደረገች፤ ቀኝ ጆሮዋን ቀጥ እንዳደረገች፣ ግራ ጆሮዋን ወደ ሐረር አቅጣጫ ዘንበል አድርጋ ያዘች። ዝንብ ለማባረር ነው የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ ባለቤቴም ይህንኑ ትላለች። ዝንብ የሚያባርር ጆሮ ይወዛወዛል። ይህ አልተወዛወዘም፤ አስቀድሞ ወጣ፣ መታጠፉ እስኪያልቅ በቦታው ቆየ፣ ከታጠፈችም በኋላ ተመለሰ። እኔ በተግባር ፈተናው ላይ ፍሬቻ መመለስ ረስቼ ነጥብ ተቀንሶብኛል፤ እሷ አልረሳችም። ግራዋን አየች፣ ቀኟን አየች፣ ገባች።

ሁሉም ቆመ! ጫት የጫነው አይሱዙ፣ ከቁልቢ በኩል የመጣው ተሳቢ፣ ሌላው አባዱላ፣ ሁሉም ፍሬን ያዘ። ምክንያቱን በኋላ አስቤ ደርሼበታለሁ። እኔን የገጨ ሹፌር የሦስተኛ ወገን መድን አለው፣ እኔም አለኝ፤ ወረቀት ተሞልቶ ያልቃል። አህያ የገጨ ግን የመንደሩ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ አህያዋ በሕይወት ሳለች ያልነበራት ዋጋ ወጥቶላት፣ ጫቱ እዚያው ይደርቃል። ደንቡን ያጠናሁት እኔ ነኝ፤ የተፈራችው እሷ ናት።

“ተከተላት!” አሉ አማቴ።

ምን ላድርግ? ተከተልኋት። ዲኤክሴን በአንደኛ ማርሽ ከጀሪካኖቹ ኋላ አስጠግቼ፣ በአህያ ታጅቤ ወደ ዋናው መንገድ ገባሁ። ከፊት የሚመጣው ተሽከርካሪ አላቋርጥ ስላለ መቅደም አልቻልሁም፤ ስለዚህ ሁለት መቶ ሜትር ያህል በእሷ እርምጃ ተጓዝሁ። የፍሪሲዮኑ ሽታ ከሙሸበኩ ሽታ ጋር ተደባልቆ መኪናዋን ሞላት። በቆሎ ጠባሿ ማራገቢያዋን አቁማ ተመለከተችን። ባለአርጩሜው ልጅ ዞር ብሎ ሲያየኝ፣ ለእኔ አዝኖ መሰለኝ፣ አህያዋን መታ መታ አድርጎ ወደ ጥግ አወጣልኝ፣ ከዚያም በእጁ “እለፍ” አለኝ። በዚያ ቀን “እለፍ” ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

እግረ መንገዴን ለማሽከርከር ማሠልጠኛዬ አንድ ነገር ልበል። ከፍዬ፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ፣ በበርሜሎች መካከል ወደ ኋላ እየነዳሁ ስምንት ቁጥር መሥራት ተምሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ቁጥር ሥራ ያለኝ ማንም የለም። ከሚበርሩ መኪናዎች መካከል ክፍተት መርጦ፣ ፍጥነት አስተካክሎ እንዴት እንደሚገባ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተነሣም። አሠልጣኜን በስልክ ብጠይቀው፣ “እሱን መንገዱ ያስተምርሃል” አለኝ። መንገዱ ያስተማረኝን ከላይ ጽፌዋለሁ።

ሠርጉ ደኅና ነበር ይላሉ። እኔ የማስታውሰው አማቴ ገና ከድንኳኑ ደጃፍ ጀምረው ለዘመድ ሁሉ ሲተርኩ ነው፤ ከምሳ በፊት የአህያዋ ቁመት ጨምሮ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ እኔ እንድታሳልፈኝ ለምኛት ነበር። የሙሽራው አጎት አቅፎ ከሳመኝ በኋላ በጆሮዬ፣ “በእግር መጣችሁ ወይስ በአህያ?” አለኝ።

የፊታችን እሑድ መልስ አለ፣ ሐረር እንሄዳለን። ትናንት አማቴ ደውለው በስንት ሰዓት እንደምንነሣ ጠየቁኝ። ሦስት ሰዓት ላይ አልኋቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ “እሷስ በስንት ሰዓት ነው የምታልፈው?” አሉኝ።