ግራ እግሬ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ይሄን ስጽፍ እንኳ እንባዬ ይቀድመኛል።

ልጄን በኦፕራሲዮን ተገላገልኩ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሉኝ ሰነበቱ። በ11ኛው ቀን ግራ ባቴ ከበደኝ፣ አበጠ። እማዬ «ብርድ ነው» ብላ ቅቤ እያሞቀች አሸችኝ። ሰፈራችን ካለ ክሊኒክ ብሄድም «አራስ ያብጣታል፣ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ» ብለው መለሱኝ።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሽንት ቤት ልሄድ ተነሳሁ። እግሬ ቀልቶ ይፋጃል። የባሌ ነጠላ ጫማ እንኳ አልገባኝ አለ። ቁጭ ስል ትንፋሽ አጠረኝ፤ አየር በሳብኩ ቁጥር ደረቴን ይወጋኛል። ልጄ ታለቅሳለች፣ ላነሳት አቃተኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ያኔ አልጸለይኩም። ተቆጣሁት። «ሁለት ጊዜ ከሆዴ ወሰድክብኝ። ሦስተኛዋን ሰጥተህ ደግሞ እኔን ልትወስድ ነው?» አልኩት። ሳስበው አፍራለሁ። እሱ ግን አልተቀየመኝም። መኪና ውስጥ «በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ» የሚለው ዳዊት ሳላስበው ከአፌ ወጣ፤ ቀጣዩ ጠፋብኝ፣ ባሌ ጨረሰልኝ።

(መኪናውን በፒጃማ ያስነሳህልን ጎረቤታችን፣ እግዜር ይስጥህ! የነዳጅ እንኳ አልተቀበልክም።)

ሆስፒታል የተቀበለችኝ ነርስ ገና ልጅ ናት። ሜትር አውጥታ ሁለቱንም ባቴን ለካች። ግራው በ4 ሴንቲ ሜትር በለጠ። ሮጣ ዶክተሩን ጠራች። እግዚአብሔር የላከልኝ እሷን ነው።

አልትራሳውንድ ሲያዩኝ ደም ሥሬ ውስጥ ደም ረግቷል። ሲቲ ስካን ሲያነሱኝ ደግሞ ቁራጩ ሳንባዬ ገብቷል። ዶክተሩ «እግሯን አሽታችኋል?» አለ። እማዬ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። «እማማ፣ የረጋ ደም አይታሽም፤ ሊነቀል ይችላል። ግን ሳይታሽም ይነቀላል፣ በራስዎ አይፍረዱ» አላት። ሆዴ ላይ የደም ማቅጠኛ መርፌ ወጉኝ። ሊነጋጋ ሲል የኪዳን ደወል ሰማሁ። ከነሕመሜ «እመቤቴ» አልኩ፤ ከዚያ ሌላ ቃል አልነበረኝም።

እህቶቼ፣ ከወሊድ በኋላ አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ ዝም አትበሉ። ጸልዩ፣ ሂዱም።

ከዚያ ወራት ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ ክኒን እየዋጥኩ፣ ደሜን እያስመረመርኩ፣ እያጠባሁም አለፉ።

ልጄ በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሳች። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጫማዬን ሳወልቅ እማዬ ጎንበስ ብላ ግራ እግሬን አየችው። እጇን ዘርግታ መለሰችው።

«ንኪው እማዬ» አልኳት።