ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ

ሐምሌ እኛ ጋ ጭቃና ጉም ነው። እዚህ ጀርመን፣ ቦን ግን የሙቀት ወር ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ብርሃን አለ። ሰዉ ከሥራ ሲወጣ ራይን ወንዝ ዳር ሣሩ ላይ ጋደም ይላል፣ ሥጋ ይጠብሳል። ከምሠራበት ሬዲዮ፣ ከጀርመን ድምፅ፣ ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ በመሃላቸው ነው የማልፈው። ሐምሌ 2016 ላይም እንደዚያው አለፍኩ። ጆሮዬ ውስጥ ግን የአካፋ ድምፅ ነበር።

ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ። ሐምሌ 15፣ ሰኞ ጠዋት፣ መሬት ተንዶ ሰው ተቀበረ። ጎረቤት ዶማና አካፋ ይዞ ደረሰ። ያልያዘው በእጁ መቆፈር ጀመረ። እነሱ እየቆፈሩ መሬቱ ዳግም ተናደባቸው። ከሞቱት ብዙዎቹ ሌላውን ሊያወጡ የሄዱ ናቸው። ሰኞ ማታ 55 የተባለው ቁጥር ማክሰኞ 229 ደረሰ።

ስልክ ያገኘሁት በስንት መከራ ነው። በመጨረሻ አንድ አስተማሪ አነሱ። ገና የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳልጨርስ «እህቴ፣ አንዴ ቆዪኝ» አሉኝ። ጠበቅኩ። ከኋላ ለቅሶ ይሰማል። አካፋ ድንጋይ ሲመታ ይሰማል። ከዚያ ድንገት ሁሉም ጸጥ አለ። «አንድ ሰው እያወጡ ነው» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እኔ ኮሽታ በማይገባበት ስቱዲዮ ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ቀጥዬ ልጠይቅ ያዘጋጀሁት ጥያቄ ወረቀቱ ላይ አለ። ማንበብ አቃተኝ።

አራት ደቂቃ አወሩኝ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እኔ የቀዳሁትን ድምፅ ለዜናው ልቆርጥ ሄድኩ፤ እሳቸው ሊቆፍሩ ተመለሱ።

ከአገር ርቆ መዘገብ ነፃነት አለው። የፈለግኩትን እጠይቃለሁ፣ ማታ በሬን የሚያንኳኳ የለም። የሚመልስልኝ ሰው ግን እዚያው ነው። እኔ ስልኩን እዘጋለሁ፣ እሱ ከመለሰው መልስ ጋር እዚያው ያድራል። «ስሜን አትጥሪው» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ሥራውን እንደጀመርኩ ሰሞን ስም መደበቅ የሚበቃ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን «በከተማዋ ያለው ብቸኛ መድኃኒት ቤት ባለቤት» ብዬ ጻፍኩ። አዘጋጁ ስክሪፕቱን አየና «እንዲህ ከምትይ ስሙን ከነአባቱ ብትጠሪው አይሻልም?» አለኝ። ክው አልኩ። ዜናው አልወጣም ነበር፣ ተመስገን። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሌላው ደግሞ ርቀቱ ራሱ ነው። አገሬን የማውቃት በወጣሁበት ቀን መልኳ ነው። አንዴ አዲስ አበባ ያለውን ባልደረባዬን «ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሄደህ ነጋዴዎቹን አናግርልኝ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። «የቱ ዶሮ ማነቂያ? ፈርሷል እኮ» አለኝ። መፍረሱን እኮ ራሴ ዜና አንብቤዋለሁ! ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ጥብስ እየሸተተ ቆሟል። ለዚህ ነው ስልክ የሚያነሳልኝን ሰው እንደ ዓይኔ የማየው። ያለ እሱ አላይም።

አባቴ የሬዲዮ ወዳጅ ነው። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ስርጭት በመጋቢት 1957 ሲጀመር ትንሽ ልጅ ነበር። ዛሬም ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ቤቱ ውስጥ ማንም አያወራም። ስርጭቱ ሲያልቅ ይደውልልኛል። ስለ ዜናው አንድም ቃል አይተነፍስም። «ድምፅሽ ተዘግቷል፣ ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ» ይለኛል። የዚያን ማክሰኞ ግን ደውሎ ብዙ ዝም አለ። «ያ ሰውዬ ደህና ናቸው?» አለኝ በመጨረሻ። «የቱ?» አልኩት። «ያናገርሻቸው ነዋ!»

አላውቅም ነበር። ደግሜ አልደወልኩላቸውም። በማግስቱ ሌላ ዜና፣ በሳልስቱ ሌላ ዜና ሆነ።

ለዕንቁጣጣሽ ከቁጥሮቼ መሃል ፈልጌ አገኘኋቸው። ጠራ፣ ጠራ፣ ልዘጋ ስል አነሱ። ከየት እንደምደውል ስነግራቸው ወዲያው አስታወሱኝ። ከኋላቸው የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልትጠይቂኝ ነው፣ እህቴ?» አሉኝ።

«ምንም» አልኳቸው። «እንኳን አደረሰዎ ልልዎ ነው።»