ለአዲስ አበባ ቤት ስንት ቢቲዩ ይበቃል? የእናቴን ሳሎን ኤሲ እንዴት እንደመረጥኩ

የእናቴ ቤት ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ሕንፃ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎኑ ወደ ምዕራብ ያያል። መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ከላይ ያለው ደግሞ ባዶ የኮንክሪት ጣሪያ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ከሰዓት በኋላ እዚያ መቀመጥ ይከብዳል። እማዬ ደም ግፊት ስላለባት ሙቀቱ ክፉኛ ያደክማታል። ኤሲ ይገባ ብለን ተስማማን።

የመጀመሪያው ሱቅ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ክፍሉ ስንት ካሬ ነው? «24» አልኩ። «እህቴ፣ በቃ 24 ሺህ ቢቲዩ ውሰጂ። ተለቅ ቢል አይጎዳም» አለኝ። ሌላው ሱቅ 18 ሺህ ይበቃል አለ። ፀሐይ በየት በኩል ትገባለች፣ ከላይ ሌላ ቤት አለ ወይ፣ ስንት ሰው ይቀመጣል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ስለዚህ ራሴ ላሰላው ወሰንኩ።

ቢቲዩ ኤሲው በሰዓት ከክፍሉ የሚያወጣው የሙቀት መጠን ነው። 12 ሺህ ቢቲዩ ማለት 3.5 ኪሎዋት ሙቀት ማለት ነው። ይህ የሚበላው መብራት አይደለም። የሚበላው 1 ኪሎዋት ገደማ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ስሌት ለአንድ ካሬ 600 ቢቲዩ ይላል። በዚያ ቢሄድ የእኛ ሳሎን 14,400 ይፈልጋል።

ግን ይህ ስሌት የተለመደው የውጭው አየር ራሱ በሚያቃጥልባቸው ከተሞች ነው። ጅቡቲ ወይም ዱባይ ውጭው 40 ዲግሪ ሲሆን ሙቀቱ በግድግዳው፣ በበሩ፣ በየስንጥቁ ይገባል። አዲስ አበባ እንዲህ አይደለችም። በሞቃቱ ወር እንኳ ጥላ ስር ብትቆሙ 25 እና 26 ዲግሪ ነው። 30 መድረስ ብርቅ ነው። ታዲያ የእማዬ ሳሎን ለምን ይጋላል?

ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝቼ አንዱን በረንዳው ጥላ ላይ፣ ሌላውን ሳሎን ውስጥ ሰቀልኩ። ጠዋት ሁለቱ ብዙም አይራራቁም። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ግን ውጭው 26 ሆኖ ውስጡ 31 ይላል። እስከ ማታ 1 ሰዓት ድረስ አይወርድም። ይህን ሳይ ነገሩ ገባኝ። ቤቱን የሚያሞቀው አየሩ ሳይሆን ፀሐይዋ ናት። በመስታወቱ ቀጥታ ትገባለች፣ ኮንክሪቱን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ታግለዋለች። ኮንክሪቱ የያዘውን ሙቀት የሚለቀው ዘግይቶ ነው፤ ማታ የሚያስቸግረን እሱ ነው።

ከዚያ ሙቀቱን በየምንጩ ቆጠርኩ። መስታወቱ 5.4 ካሬ ነው። የምዕራብ ፀሐይ በአንድ ካሬ መስታወት እስከ 600 ዋት ታስገባለች ብዬ ያዝኩ፤ 3,200 ዋት አካባቢ ይመጣል። ለጣሪያው 1,200 ዋት ገመትኩ። አንድ የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ እሁድ እሁድ የሚሰበሰበውን ቤተሰብ አስቤ 500 ያዝኩ። ለቴሌቪዥኑና ለፍሪጁ 300። ድምሩ 5,200 ዋት ሆነ። ዋቱን በ3.4 ስታባዙት ቢቲዩ ይሆናል፤ ወደ 17,700 ማለት ነው። 18 ሺህ ያለኝ ሻጭ ከእውነቱ ብዙ አልራቀም ነበር። ከድምሩ 60 በመቶ ያህሉ ግን ከአንድ መስኮት ነው የሚመጣው። ታዲያ ያንን መስኮት ሳይነኩ ትልቅ ኤሲ መግዛት ለምን ያስፈልጋል?

ስለዚህ ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ጥላ ሄደ። በረንዳው ላይ ከውጭ በኩል የሚወርድ የሸራ ጥላ አሠራን። ከውጭ መሆኑ ወሳኝ ነው። የውስጥ መጋረጃ ፀሐይዋን የሚይዛት መስታወቱን ካለፈች በኋላ ስለሆነ ሙቀቱ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ኮርኒሱን ደግሞ አስከፍተን በላዩ የሙቀት መከላከያ ፎም አስነጠፍን። ስሌቱን እንደገና ሠራሁ። መስታወቱ ወደ 1,000፣ ጣሪያው ወደ 400 ዋት ወረደ። ከሰውና ከዕቃው ጋር 2,200 ዋት፣ ማለትም 7,500 ቢቲዩ።

እዚህ ላይ አንድ የከተማችን ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ኤሲ የሚሠራው አየር በማዘዋወር ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ አቅሙ ይቀንሳል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቢቲዩ ይህን አይቆጥርም። በሌላ በኩል ያ ቁጥር የሚለካው ውጭው 35 ዲግሪ ሲሆን ነው። የእኛ ውጭ ከዚያ በጣም ስለሚቀዘቅዝ የጠፋው በከፊል ይካካሳል። እኔ ለጥንቃቄ አንድ አምስተኛ ቀነስኩ። 9 ሺህ የሚለው ወደ 7,200 ይወርዳል፤ ለጥቂት አይበቃም። 12 ሺህ የሚለው 9,600 ይሰጣል። 12 ሺህ ኢንቨርተር ኤሲ ገዛሁ፤ ይህ ዓይነቱ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ከመጥፋት ይልቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

«ተለቅ ቢል አይጎዳም» የሚለው አነጋገር ብዙ ቤት ያበላሻል ብዬ አምናለሁ። በተለይ ኢንቨርተር ያልሆነ ትልቅ ኤሲ ክፍሉን ቶሎ ያቀዘቅዝና ይጠፋል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይነሳል። በተነሳ ቁጥር ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) ብዙ መብራት ይስባል፣ ዕድሜውም ያጥራል። በዚያ ላይ ሶፋ ላይ የተቀመጠ አዛውንት ላይ ኃይለኛ ቀዝቃዛ ነፋስ ይለቃል።

ምጣዱን ደግሞ አትርሱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ያህል ይበላል። እሱ ተሰክቶ እያለ 24 ሺህ ኤሲ ሲነሳ 2 ኪሎዋት ይጨመርበታል። ብሬከሩ በእንጀራ ቀን ቢወርድ አይገርምም። እኛ ለኤሲው ከቆጣሪው ሳጥን ለብቻው መስመርና ብሬከር አስወጣን። ማታ ማታ ኃይሉ ስለሚወርድ ስታቢላይዘርም አስገባን።

ስትገዙ የሚያሞቀውንም ዓይነት ጠይቁ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ታውቁታላችሁ። እማዬ አሁን በብርዱም ወቅት ትጠቀምበታለች።

ገጠማው ላይ ቆማችሁ አሠሩ። አንድ ባለሙያ ቧንቧውን በቫክዩም ፓምፕ አየሩን ሳያወጣ ጋዙን ሊለቅ ሲል አስቆምኩት። ውስጥ የሚቀር አየርና እርጥበት ኮምፕረሰሩን ይጎዳል። የውጭውን ክፍል ሸራው እንዳይሸፍነው፣ የሚያወጣው ትኩስ አየር መውጫ እንዲኖረው አድርጉ። የሚንጠባጠበውን ውኃ ደግሞ በቱቦ ወደ ፍሳሽ አስገቡት፤ ታች ያለው ጎረቤት ልብስ ላይ ከወረደ በኋላ ማስተካከል ጭቅጭቅ አለው።

ኤሲው የሚበራው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች ውጭው ከውስጡ ስለሚቀዘቅዝ አጥፍተን መስኮት እንከፍታለን። መስኮታችሁ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ሰሜን የሚያይ ከሆነና ከላያችሁ ሌላ ቤት ካለ ግን፣ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ጥላውንና የማታውን አየር ሞክሩት። ምናልባት ኤሲ ጭራሽ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።