የቮልስ ሞተር በአዲስ አበባ አየር
ቮልሴ በፈረንጆቹ 1967 የተሠራች ባለ 1300 ሲሲ ናት። የቸርችል ጎዳና ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ከኋላዋም ሰማያዊ ጭስ ሲበዛ ሞተሩን ላስወርደው ቆረጥኩ።

ማውረዱ ቀላል ነው። ራዲያተር የለ፣ ውሃ የለ። አራት ብሎን፣ ጥቂት ሽቦ፣ ከሥር ክሪክ፣ አለቀ። ጣጣው ሲፈታ ነው።

ቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ሲነሳ የአንዱ ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ጠርዙ ተበልቶ አገኘሁት። አብረውኝ የሚሠሩት አንጋፋ መካኒክ ቀና ሳይሉ፣ «ሦስተኛው ነው አይደል?» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ ጋሼ?»

«የዘይት ማቀዝቀዣው አየር ይከልለዋላ! ሁሌም ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው።»

ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ክራንኩ፣ ቶርኖ ቤት ገብቶ ተስተካከለ። ፒስተኑን ከነሲሊንደሩና ከነፋሻው (ፒስተኑን ከሚከበው ቀለበት ጋር) ሶማሌ ተራ አገኘሁት። ዋጋውን ተዉት። የ1200ውም የ1300ውም ፒስተን ስፋቱ 77 ሚሊሜትር ነው። ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁ ግን እንዳትሰሙት። የ1200ው ምት፣ ፒስተኑ ወጥቶ የሚወርድበት ርቀት፣ 64፣ የ1300ው 69 ሚሊሜትር ነው፤ የአንዱ ሲሊንደር ለሌላው አይሆንም።

ትልቁ ሥራ ማስተካከሉ ነበር። የቫልቩን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.10፣ የፑንቲናውን (የእሳቱን ጊዜ የሚወስነውን መቆራረጫ) 0.4 ሚሊሜትር አደረግነው፤ ልክ እንደ ፋብሪካው መጽሐፍ። ተነሳ። ሚኒሞውም፣ ቆማ ስትሠራ ያለው ዙር፣ ቀጥ አለ። ዳገት ላይ ግን ያው መታፈን! ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ስናወጣ ጥላሸት ለብሰዋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ለቆላ አየር ነው፤ እኛ ያለነው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ይበዛባታል። ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሽ የነሐስ ቁራጭ፣ ጂግለሯን ቀየርናት። 125 የተጻፈባት ወጥታ ቀዳዳዋ ጠበብ ያለችው 117.5 ገባች። የካንዴላውንም እሳት መጽሐፉ ከሚለው 7.5 ዲግሪ ትንሽ አስቀደምነው፤ ስስ አየር ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። አሁን ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ ሳትንገዳገድ ትወጣለች።

የድሮዋን ጂግለር አልጣልኳትም። ወደ አዋሽ ስወርድ አየሩ ይወፍራል፤ በ117.5 ብነዳ ቤንዚን ያንሳትና ሞተሩ ይግላል። ለዚህ ካርቡራተሩን ማውረድ አያስፈልግም። በጎኑ ያለውን ብሎን ፈትቶ በካቻቢቴ መለወጥ ነው።