ግማሽ ሰንጢ፣ ግማሽ መጋዝ

ስምንት ወር ኪሴ ውስጥ የከረመችውን ሰንጢ ዛሬ ሱቅ ትቻት መጣሁ። የሚዛኑ እግር ላይ በሲባጎ አስሬያታለሁ። ኪሴ ቀለለኝ፤ ግን ደግሞ ትንሽ አሳዘነችኝ።

የገዛኋት ታይዋን ነው። (ድሬን ለማያውቅ፦ ገበያው ነው እንጂ አገሩ አይደለም።) ሻጩ ጨርቅ አንጥፎ ሦስት ዓይነት ደርድሯል። አንዷ ስለቷ ከጫፍ እስከ እጀታ ልሙጥ ነው። አንዷ እንደ ዳቦ ቢላ ዳር እስከ ዳር ጥርስ ናት። ሦስተኛዋ ጫፏ ጋ ልሙጥ ሆና ወደ እጀታው ስትጠጋ ጥርስ ታወጣለች። «አቦ ይቺን ውሰዳት፣ የሁለቱንም ሥራ ትሠራለች» አለኝ። በአንድ ዋጋ ሁለት ያገኘሁ መስሎኝ ሳልከራከር ከፈልኩ። ታይዋን ሳይከራከሩ መክፈል ራሱ ምልክት ነበር።

ቤት ስገባ አባቴ ከፈታትና አውራ ጣቱን ጥርሷ ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደው።

«ይቺን ማን ይስልልሃል?»

«አንተ ነሃ!» አልኩት። (በእኛ አገር አባትም አንተ ነው፤ የአዲስ አበባ ዘመዶቻችን በመጡ ቁጥር ይደነግጣሉ።)

«እኔ ሰንጢ ነው የምስለው፣ መጋዝ አልስልም» ብሎ አጥፎ መለሰልኝ።

መጀመሪያ አካባቢ አባቴ የተሸነፈ መሰለኝ። ሥራዬ ጆንያ መፍታት ነው፤ ሽንኩርቱም ድንቹም በናይሎን ገመድ ተጠፍሮ ይመጣል። ልሙጥ ስለት ናይሎን ላይ ካልተሳለ ይንሸራተታል፤ ጥርስ ግን ይነክሳል። ጉልበትህ በሙሉ የጥርሶቹ ጫፍ ላይ ስለሚያርፍ አንዴ ወደ ራስህ ስትስባት ገመዱ ሁለት ነው። ቃጫም እንደዚያው። ደግሞ ቶሎ አትደንዝም። ጠረጴዛውንና ጆንያውን የሚነኩት ጫፎቹ ናቸው፣ በመሃላቸው ያለው ጎድጓዳ ስለት ሳይነካ ይቆያል። የመኪና ቀበቶ ለመቁረጥ የሚሠሩ የአደጋ ጊዜ ሰንጢዎች ላይ ጥርስ የሚበዛው ለዚህ ነው። ያን ጊዜ የቆረጠው ነገር ማማር አለማማሩን የሚያይ የለም።

ማማር ሲያስፈልግ ነው ጉዱ። ማንጎ ልላጥበት ስል ልጣጩን ሸርክታ ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። ካርቶን ስቆርጥበት ዳሩን አይጥ የበላው አስመሰለችው። ልሙጡ ክፍል አለ አይደል ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ አለ። ሰባት ሳንቲ ሜትር ከሆነች ሰንጢ ላይ ሦስቱን ጥርስ ሲወስድ የሚተርፈው አራት ነው። በአራት ሳንቲ ሜትር ማንጎ አይላጥም፣ ይገዘገዛል እንጂ።

ቁርጡን የነገረኝ መፋቂያ ነው። አባቴ አንድ የወይራ እንጨት ሰጥቶኝ ጫፏን ላጥልኝ አለኝ። እንጨት ስትቀርፍ ጉልበት ያለው እጀታው ሥር ነው፤ አውራ ጣትህን የብረቱ ጀርባ ላይ አሳርፈህ ከዚያ ትገፋለህ። የኔዋ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ጥርሷን አስቀምጣ ትጠብቀኛለች። ቅርፊቱን መላጥ ትታ ቦረቦረችው። ወደ ልሙጡ ጫፍ ፈቀቅ ስል ጉልበቱ የለም፣ እጄም ይንቀጠቀጣል። አባቴ እንጨቱን ተቀብሎ አገላብጦ አየና በራሱ ሰንጢ፣ ያቺ ከምድር ባቡር ወርክሾፕ ዘመን ጀምሮ በያዛት ቀጭን ልሙጥ፣ በአራት ምት ጨረሰው። አንድም ቃል አልተናገረም። ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ መደነዝ መጣ። ልሙጡን ክፍል በአባቴ መሳያ ድንጋይ ላይ ሳልኩት። የሱ ዘዴ ቀላል ነው፤ የብረቱን ጀርባ ከድንጋዩ የትንሽ ጣቱን ውፍረት ግማሽ ያህል ከፍ ያደርግና ሳያወዛውዝ ይገፋል። ለክቼዋለሁ፣ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ብረት 20 ዲግሪ ይሆናል ማለት ነው። አባቴ ዲግሪውን ስነግረው ሳቀብኝ።

ጥርሱ ግን ጠፍጣፋ ድንጋይ አይደርስበትም። ቀፊራ ገበያ አጠገብ በፔዳል ድንጋይ እያዞረ ቢላ የሚስል ሰው አለ፤ ሰጠሁት። ጉድለቱ የኔም ነው፣ እንዴት እንደሚስል ሳልጠይቀው ስልኬን እያየሁ ቆምኩ። ቀና ስል ከፊት ያሉት ሦስት ጥርሶች የሉም። እንደ ማንኛውም ቢላ ቀጥ አድርጎ ድንጋዩ ላይ ጭኗት ነበር። ብልጭታው ያምር ነበር አሉ።

ለካ ጥርስ የሚሳለው አንድ በአንድ ነው። ቀጭን ክብ ሞረድ ትይዝና ጎድጓዳው ውስጥ እያስገባህ፣ በተሞረደችበት ጎን ብቻ ትስላለህ። ብዙዎቹ እንደኔዋ ጥርሳቸው የተሞረደው በአንድ ጎን ነው፤ ሌላው ጎን ሜዳ ነው። ከዚያ ሜዳውን ጎን ድንጋዩ ላይ አስተኝተህ አንዴ ስታሻሸው በዚያ በኩል የወጣው ቀጭን ብረት ይጠረጋል። እኔ የቀሩትን ስሞርድ አንድ ሙሉ እሁድ አለቀ።

ባለፈው ሳምንት ልሙጥ ገዛሁ፤ ናይሎንም በደንብ ከተሳለች ትቆርጣለች። ሙሉ ጥርሷንም ቢሆን ገመድ ሥራው ለሆነ ሰው አልጠላበትም። ግማሽ ግማሿን ግን ለሁለት ሥራ ብሎ ለሚገዛ አልመክርም።

ማታ አባቴ ግቢ ውስጥ የልብስ ማስጫ ገመድ እየቀየረ ነበር። አዲሷን ሰንጢዬን አቀበልኩት። በአውራ ጣቱ ሞከራትና መለሰልኝ።

«ይቺንማ ገመድ ላይ አታደንዛት። ያቺ መጋዝህ የታለች?»

«ሱቅ አስሬያት መጣሁ።»

«አቦ፣ ምን ነካህ!» አለና ገመዱን በእጁ እንደያዘ ቆመ።