የቮልሷ ፍሬን

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ዋልኩ። ቮልሷ ፍሬን ስረግጥ ትይዛለች፣ እግሬን ሳነሳ ግን የፊቱ ግራ ጎማ አልለቅም ብሎ ቸርኬው እጅ ያቃጥላል። መካኒኩ ጋሼ፣ ቁልፍ እንኳ በማይዞርበት ጥበት ውስጥ ተጣጥፈው ገብተው፣ የዛገውን ብሎን ሲሳደቡ ሲለምኑት ቆይተው የፍሬን ዘይት ወደ ጎማው የሚያደርሰውን የላስቲክ ቱቦ ፈቱት። ላዩ ምንም አልሆነም። «በል ንፋበት» አሉኝ፣ አፉን ጠርጌ ጉንጬ እስኪወጠር ብነፋ ወይ ፍንክች! በምላጭ ሲሰነጥቁት ላስቲኩ ወደ ውስጥ አብጦ መርፌ የምታክል ቀዳዳ ብቻ ቀርታለች፣ ለካ እግር ሲረግጥ በግፊት ዘይቱን ታሳልፈዋለች፣ መመለሻ ግን የለውም።

እኛ ደሞ ከደጀን አባይ በረሃን ቁልቁል ልንወርድ ስንል የምናየው የጎማ ንፋስ ነው፣ በዛ ላይ አጥበን አብለጭልጨን!

የቀሩትንም ቱቦዎች ይቀይሩልኝ ብላቸው «ነገ፣ ወገቤስ የማን ነው» አሉኝ።