ነጎድጓድ ሲሰማ ወደ ባንክ የሚሮጡት ልጆች

በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በማስተዳድረው የማይንክራፍት ሰርቨር ላይ አልማዝ እንደ ጎመን ረከሰ። ሰኔ ሲገባ አንዱ አልማዝ በጨዋታው ገንዘብ 40 ያወጣ ነበር፤ ሐምሌ አጋማሽ ላይ 6 የሚከፍልበት ጠፋ። እኔም ሞኙ ደስ አለኝ። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ልጆቹ ሌት ተቀን እየቆፈሩ ነው፣ ጎበዞች ሆነውልኛል ብዬ ነበር።

ጨዋታውን ለማያውቅ፦ ማይንክራፍት ውስጥ ሰው መሬት ቆፍሮ ማዕድን ያወጣል፣ ቤት ይሠራል፣ ይነግዳል። አልማዝ ከጥልቁ የሚገኝ ብርቅ ነገር ነው። ተጫዋቾቹ ካሉበት ሆነው የሚገናኙበት ሰርቨሬ የተቀመጠው በምሠራበት ጌም ቤት የኋላ ክፍል፣ አንድ አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ስልሳ የሚሆኑ ተጫዋቾች ነበሩን፤ አብዛኞቹ ከማርቆስ፣ የቀሩት ከባሕር ዳርና ከፍኖተ ሰላም፣ ሁለቱ ከቢቸና። ንብረታቸውን የሚያስቀምጡበትን ባንክ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። እኮራበትም ነበር።

ጉዱ ያለው እዚያው ባንክ ውስጥ ነው። ጨዋታው ተጫዋቹ በኪሱ የያዘውን ዕቃ ወደ ዲስክ የሚጽፈው በየአምስት ደቂቃው ነው። የእኔ ባንክ ግን ገቢውን በዚያው ሰከንድ ይመዘግባል። እንግዲህ አንድ ልጅ 64 አልማዝ ባንክ አስገባ እንበል። ባንኩ መዘገበ፤ ጨዋታው ገና አልጻፈም። በዚህ መሐል መብራት ድርግም አለ። መብራቱ ሲመለስ ጨዋታው የሚያውቀው የቀድሞውን መዝገብ ብቻ ስለሆነ፣ ልጁን 64ቱን አልማዝ በኪሱ እንደያዘ ይቀበለዋል። ባንኩም በበኩሉ 64 አለህ ይለዋል። አንዱ ሁለት ሆነ።

የማርቆስን ክረምት የሚያውቅ ቀሪውን ይገምታል። በጮቄ በኩል ሰማዩ ይጠቁራል፣ ነጎድጓዱ ሁለት ጊዜ ያጉረመርማል፣ በሦስተኛው መብራት የለም። ልጆቹ ይህን ከእኔ ቀድመው አጥንተውታል። መዝገቡን ቁጭ ብዬ ሳገላብጠው፣ ትልልቁ ገቢ ሁሉ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ባሉት ሁለትና ሦስት ደቂቃዎች ላይ ተከምሯል። በጨዋታው ውስጥ የተጻጻፉትን ሳነብ ደግሞ፣ ከባሕር ዳር የሚጫወት አንድ ልጅ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ «ማርቆስ ዳመነ?» እያለ ይጠይቃል። እኔ የአገር ናፍቆት መስሎኝ፣ አንድ ቀን እንዲያውም «አዎ፣ ሊጥል ነው፤ እናንተስ ጋ እንዴት ነው?» ብዬ መልሼለታለሁ።

አሥራ አንድ ስም አወጣሁ። በዚያችው ሌሊት አሥራ አንዱንም ለዘለቄታው አገድኩ። አልበቃኝም። ስማቸውን በትልቅ ወረቀት ጽፌ፣ ከላዩ «ሌቦች» የሚል ርዕስ ሰጥቼ የጌም ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩት።

ጠዋት ወረቀቱን ቀድመው ያነበቡት አከራዬ ናቸው። ከጎናችን ጤፍ ይነግዳሉ።

«ምን ሰረቁ?» አሉኝ።

«አልማዝ።»

ክው አሉ። የጨዋታ አልማዝ መሆኑን፣ ስለ ባንኩም፣ ስለ መብራቱም እስካስረዳቸው ድረስ እጃቸው ከአፋቸው አልወረደም። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣

«ይሄን ባንክ የምትለውን ማን ሠራው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ስማኝ። አምና ሚዛኔ ተበላሽቶ በኩንታሉ ላይ ሁለት ኪሎ እየጨመረ ይሰጥ ነበር። ሳምንት ሙሉ አላወቅኩም። ያን ሳምንት የገዛኝን ሁሉ ሌባ ልበለው? አንዱ ግን ቤቱ ወስዶ መዝኖ ደረሰበት። ማወቁስ ባልከፋ። በማግስቱ ወንድሙን አስከትሎ መጣ፤ በሦስተኛው ቀን ጋሪ ይዞ መጣ። የተጣላሁት ከእሱ ጋር ነው።»

«ከፈለዎት?»

«ትርፉን መለሰ። ዛሬም ከእኔ ነው የሚገዛው። ሚዛኑን ግን በራሴ ገንዘብ ነው ያሠራሁት» ብለው ወደ ጤፋቸው ገቡ።

ምክራቸው ገብቶኝ ወዲያው ወረቀቱን ገነጠልኩ ብል ደስ ባለኝ። አልገነጠልኩም። የገነጠልኩት ከምሳ በኋላ ነው፤ ከአሥራ አንዱ አንዱ፣ የ14 ዓመት ልጅ፣ ብቻውን ሲመጣ። አላለቀሰም፣ አልተሳደበም። ስልኩን አወጣና ሰኔ ውስጥ የላከልኝን መልእክት አሳየኝ፦ «ጋሼ፣ መብራት ሲመጣ አልማዜ እጥፍ ሆነ። ልክ ነው?» ከሥሩ የእኔ መልስ አለ፦ «ዕድለኛ ነህ።»

ከወር በላይ አስቀድሞ ነግሮኛል ማለት ነው። ያን ቀን አምስት ደቂቃ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ሐምሌ ሙሉ የሆነው ነገር ባልሆነ። የልጁን እገዳ እዚያው ፊቱ አነሳሁ፤ የሌሎቹን ወደ ጊዜያዊ ለወጥኩና ማሰብ ጀመርኩ።

በዚያ ሳምንት ትልልቆቹ የጨዋታ ኩባንያዎች እንዲህ ሲገጥማቸው ምን እንዳደረጉ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ጊልድ ዋርስ 2 በወጣ ሰሞን፣ ጨዋታው ውስጥ ያለ አንድ ነጋዴ በአሥር ሺዎች ነጥብ መሸጥ የነበረበትን የጦር መሣሪያ በ21 ነጥብ ይሸጥ ነበር። የዋጋ ስህተት ነው። አዘጋጁ ኩባንያ አሬናኔት በጅምላ የገዙትን 3,000 ያህል ተጫዋቾች ለዘለቄታው፣ 1,600 ያህሉን ደግሞ ለ72 ሰዓት አገደ። ብዙም ሳይቆይ ግን ለዘለቄታው ለታገዱት በር ከፈተ፤ ጥፋቱን አምኖ በዚያ መንገድ ያገኘውን ዕቃ ለማጥፋት ቃል የገባ ይመለስ አለ። የሌሊት ፍርዴን ያየሁት በዚህ መስታወት ነው፤ ቀለል አለኝ።

ሁለተኛው ታሪክ የበለጠ ጠቀመኝ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 ዲያብሎ 3 ላይ የጨረታ ቤቱ የወርቅ ማባዣ ሆነ፤ ጨረታውን የሰረዘ ሰው ካስገባው በላይ ወርቅ ይመለስለት ነበር። የጨዋታው አዘጋጅ ብሊዛርድ ጨረታ ቤቱን ዘጋና ጥፋተኞቹን በመዝገብ ለየ፤ ጨዋታውን በሙሉ ወደ ቀድሞው ቀን መመለስን ግን አልመረጠም። እኔም የሰኔ ቅጂ ነበረኝ። በአንድ ትእዛዝ ሁሉን ነገር አልማዙ ወዳልረከሰበት ቀን መመለስ እችል ነበር፤ እጄም በላዩ ላይ ሆኖ ነበር። የከለከለኝ አንድ ድልድይ ነው። ሁለት እህትማማቾች ክረምቱን ሙሉ የደጀኑን የአባይ ድልድይ፣ ገመዶቹን ሳይቀር፣ ድንጋይ በድንጋይ ሲገነቡ ከርመዋል። አንድም አልማዝ አላባዙም። የሰኔን ቅጂ ብመልስ ከሁሉ በላይ የምቀጣው እነሱን ነው።

ከዚያ አንድ ስህተት ጨመርኩ። ከአያቴ የሰማሁት አውጫጭኝ ትዝ አለኝ፤ በድሮ ጊዜ ንብረት ጠፍቶ ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፣ ወንጀለኛው እስኪወጣም አይበተንም። እኔም ተጫዋቾቹን ጌም ቤት ሰብስቤ «ተነጋገሩ፣ ማን ምን እንዳደረገ አውጡ» አልኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ መዝገቡ ውስጥ ስማቸው ያልተነሳ ሦስት ልጆች ተከሰሱ። አንዱ የተከሰሰው በኳስ ቂም ነው፤ ሌላዋ ጥሩ ቤት ስላላት። ስብሰባውን በተንኩት። አውጫጭኝ ምስክር እንጂ መዝገብ ለሌለው አገር የተሠራ ነው፤ እኔ ግን እያንዳንዱ ገቢ በሰከንድ የተጻፈበት ደብተር ይዤ ልጆቹን እርስ በርስ አባላሁ። ጥፋቱን ከመዝገብ አውጥቶ፣ ልጁን ለብቻው ጠርቶ «ይህን አየሁ፤ ምን ትላለህ?» ማለት ይበቃል። ስሙ በአደባባይ የሚነሳበት ምክንያት የለም።

መዝገቡ ራሱ ለየልኝ። አምስቱ አንዴ ወይም ሁለቴ ደርሶባቸዋል፣ ለመብራት የጠበቁበት ምልክት የለም፤ ትርፉን ወስጄ ለቀቅኳቸው። አራቱ ደመና ጠባቂዎች ናቸው። አንዱ ያባዛውን በብር ሸጧል። አንዱ ደግሞ፣ እሱን ወደ ኋላ ላይ አመጣዋለሁ።

አራቱ ላይ ብዙ አሰብኩ። የአከራዬ ሚዛን «ይመልስ» ይላል፤ እኔ መመለስ ብቻውን የሚበቃ አይመስለኝም። ያልተያዘ ያተርፋል፣ የተያዘ እኩል ይወጣል፤ እንዲህ ያለ ቁማር ማን ይተዋል? በሌላ በኩል ለዘለቄታው ማገድ ለልጁ ምንም የሚከፍለው ነገር አይተውለትም። በሌላ ስም ተመልሶ ይመጣል፤ መጥተውም አይቻለሁ። ስለዚህ ዕዳ አደረግኩት። ያባዙት ሁሉ ከሒሳባቸው ይቀነስ፣ ያወጡት ካለ ሒሳቡ ከዜሮ በታች ይውረድ፣ ከዚህ በኋላ ከሚቆፍሩት ግማሹ ለዕዳው ይሁን፤ በላዩ ላይ ለ15 ቀን ከገበያው ይራቁ። ከእነሱ አልማዝ ሳያውቁ የገዙትን ሰዎች አልነካሁም። ገበያው እስኪያገግም ወራት ፈጀ፤ ያ የእኔ ድርሻ ነው። የባሕር ዳሩ ልጅ ዕዳ 1,216 አልማዝ ሆነ። ሲነገረው «እሺ» ብቻ አለ።

በብር የሸጠው የኮሌጅ ተማሪ ነው። ለአራት ሕፃናት በድምሩ 1,350 ብር ሸጧል፣ ክፍያውን የተቀበለው በቴሌብር። እዚህ ላይ አልተወዛገብኩም፤ ከጨዋታው ወጥቶ የሰው ኪስ ውስጥ ገብቷልና ለዘለቄታው ዘጋሁበት። 900 ብር መልሶ ስልኩን ዘጋ። የቀረውን 450 እኔ ከፈልኩ። የሸጠው ዕቃ የተሠራው በእኔ ባንክ ነው።

የመጨረሻው ልጅ ደመና መጠበቅ ሰልችቶት ቆጣሪው ላይ ያለውን ማጥፊያ ወደ ታች ያወረደው ነው። ጠራራ ፀሐይ ላይ መብራት የጠፋበት አንድ ቀን መዝገቡ ውስጥ ነበር፤ ያን ቀን ስወጣ የአከራዬ ሬዲዮ እያወራ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ የእሳቸው መብራት አልጠፋም ማለት ነው። ስምንት ልጆች የከፈሉበት ሰዓት ጨለመባቸው፤ ይህ ደግሞ የፕሮግራም ስህተት መጠቀም ሳይሆን ስህተቱን በእጅ መጥራት ነው። ሦስት ወር አገድኩት። በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር፤ ተናድጄ ለአባቱ ነገርኩ። በማግስቱ ልጁን መንገድ ላይ ሳየው ፊቱ አብጧል። በዚህ ሁሉ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ፣ ልጁ ራሱን ወይም ሌላውን አደጋ ላይ ካልጣለ በቀር፣ የጨዋታ ጥፋት ይዤ ወላጅ ቤት አልሄድም። ቅጣቱ ከእጄ ከወጣ መጠኑን የሚወስነው ሌላ ሰው ነው።

ስህተቱን የጠገንኩት በሦስት መስመር ኮድ ነው፤ ባንኩ ገቢ ሲቀበል የተጫዋቹም ኪስ አብሮ እንዲጻፍ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስም ገዛሁ። «ሌቦች» የሚለው ወረቀት በነበረበት በር ላይ ደግሞ ባንኩን ማን እንደጻፈው፣ ማን አስቀድሞ እንደነገረኝና ምን ብዬ እንደመለስኩለት ጽፌ ለጠፍኩ። ለዚያ ልጅ 200 አልማዝ ሰጠሁት። አዲስ ደንብም ወጣ፦ ስህተት ያገኘ በ24 ሰዓት ውስጥ ከተናገረ ያገኘውን ይዞ ይቀራል፣ 50 አልማዝም ይጨመርለታል።

ደንቡ ሠራ፤ ከዚያም ተበላበት። ጥቅምት ላይ አንድ ብልጥ አዲስ ቀዳዳ አገኘ። መጀመሪያ ለአራት ጓደኞቹ ነገራቸው፣ እነሱ ሲጠግቡ በ23ኛው ሰዓት ለእኔ ሪፖርት አደረገ። የጻፍኩት ደንብ ነውና 50ውን ከፈልኩት፤ እሱም ሳያፍር ተቀበለ። አሁን ሽልማቱ የሚሰጠው ለሌላ ሰው ሳይናገር መጀመሪያ ለእኔ ለነገረ ብቻ ነው። ይህንንም የሚያልፍበት መንገድ እንደማያጣ እገምታለሁ፤ ካገኘ ግን ኮድ እንዲጽፍልኝ እቀጥረዋለሁ።

የባሕር ዳሩ ልጅ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ገባ። ሰማዩ እንደ ልማዱ አጉረመረመ። አንዱ ተነስቶ በጨዋታው ውስጥ «ባንክ! ባንክ!» ብሎ ጻፈ፣ ሁሉም ሳቁ። በሦስተኛው ነጎድጓድ መብራቱ ሄደ፤ ዩፒኤሱ መጮህ ጀመረ፣ ሰርቨሩ ግን አልጠፋም። ልማድ ሆኖብኝ መዝገቡን ከፈትኩ። ልጁ ከሁለት ደቂቃ በፊት 38 አልማዝ አስገብቷል። ኪሱን አየሁ፤ ባዶ ነው። ሒሳቡን አየሁ፤ ዜሮ፤ ዕዳው አልቋል። «ማርቆስ ዳመነ?» ብዬ ጻፍኩለት።